ቁጭ ያለች ሁሉ አላረፈችም

እስቲ ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ ብለን ስለ ሥዕል እናውራ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ውስጥ አንዲት የውሃ ቀለም ሥዕል አለች። እ.ኤ.አ. በ1872 ነው የተሳለችው። ሠዓሊዋ በርት ሞሪዞ የምትባል ፈረንሳዊት ናት። የሳለችው እኅቷን ኤድማን ነው። ኤድማ ቁጭ ብላለች፣ ትንሿ ልጇ ዣን አጠገቧ አለች። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ንጉሥ የለ፣ ጦርነት የለ፣ ቅዱስ የለ። አንዲት ሴት አረፍ ብላ ተቀምጣለች፤ እኅቷ ደግሞ ይኼ መሳል ያለበት ነገር ነው ብላ ወረቀት ዘርግታለች።

ያ ዓመት እኛ ዘንድ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ የነገሡበት ነው፣ ጥር 1864 ዓ.ም.። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ አራት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ይህን የማነሳው ሁለቱን አገር ላወዳድር አይደለም፤ ዘመኑ እንዲታየን ብቻ ነው። ሥዕሏ ከተሳለች ከስድስት ዓመት በኋላ ነው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተደረገው። የወሎ ሰው ዘመን የሚቆጥረው በእንዲህ ዓይነቱ ነገር ስለሆነ ነው።

ሞሪዞ ኢምፕሬሽኒስት ከሚባሉት ሠዓልያን አንዷ ናት። ስሙ መጀመሪያ ስድብ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1874 ሞኔ፣ ሬኗር፣ ደጋ፣ ሞሪዞና ሌሎችም ሆነው ናዳር የተባለው ፎቶግራፈር ይሠራበት በነበረ ቤት የራሳቸውን ትርኢት ከፈቱ። የመንግሥቱ ትልቅ ትርኢት ደጋግሞ ስለሚመልሳቸው ሰልችቷቸዋል። ሉዊ ለሯ የሚባል ጋዜጠኛ የሞኔን የፀሐይ መውጫ ሥዕል አይቶ፣ ከርዕሱ ላይ ቃሉን ወስዶ ቀለደባቸው። እነሱ ደግሞ ስድቡን ስም አደረጉት። ስምንት ጊዜ ትርኢት አሳይተዋል፤ ሞሪዞ የቀረችበት አንዱ ብቻ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1879ኙ። ምክንያቱም አራስ ነበረች። ልጇ ጁሊ የተወለደችው በ1878 ኖቬምበር ላይ ነው።

አሁን ስለ ውሃ ቀለም ትንሽ። የዘይት ቀለም ታጋሽ ነው። ተሳሳትክ? ጠብቀህ ትደርብበታለህ፣ ትፍቀዋለህ፣ እንደገና ትጀምራለህ። ውሃ ቀለም ግን እንዲህ አይደለም፤ ወረቀቱ ይመጠዋል፣ ይደርቃል፣ አለቀ። ትልቁ ነገሩ ደግሞ ብርሃኑ ያለው ቀለሙ ውስጥ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ነው። ነጭ ቦታ ስትፈልግ ነጭ አትቀባም፣ ወረቀቱን ትተወዋለህ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይኼ ነው። እስቲ ነጠላ በውሃ ቀለም ስትስሉ አስቡት። ነጠላውን አትስሉትም! በዙሪያው ያለውን ጥላ፣ የአንገቷን ጠይምነት፣ ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ ትስላላችሁ፤ እጥፋቱን በቀጭን ግራጫ ትነኩታላችሁ፤ ጥበቡን በአንድ ምት ታሳልፋላችሁ፤ ነጠላው ግን ያልተነካ ወረቀት ነው። የእኛ አገር ሴት ለውሃ ቀለም የተፈጠረች ነው የምትመስለኝ። ግን ማን ሳላት?

ከዚያ በፊት የኤድማን ነገር ልጨርስ፤ ታሪኩ እሷ ጋ ነው ያለው። ኤድማ ራሷ ሠዓሊ ነበረች። ሁለቱ እኅትማማቾች አብረው ነው የተማሩት፤ ታላቁ ሠዓሊ ኮሮ አስተምሯቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1864 በፓሪሱ የመንግሥት ትርኢት የሁለቱም ሥዕል ተቀባይነት አግኝቷል። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ የመንግሥቱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግባት እንደማትችል አስታውሱ፤ የተፈቀደላቸው በ1897 ነው፣ ሞሪዞ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ። ኤድማ በ1869 አንድ የባሕር ኃይል መኮንን አገባች፤ ብሩሿንም አስቀመጠች። ከሦስት ዓመት በኋላ እኅቷ ቁጭ ብላ ሳለቻት።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ሥዕሏን ስታዩ ያች ሴት አረፍ ያለች አትመስላችሁም። የቀድሞ ሠዓሊ የሌላ ሠዓሊ ሞዴል ሆና ተቀምጣለች። እጆቿ ሥራ ፈተዋል። ይኼ ዕረፍት ነው ወይስ ሌላ ስም አለው?

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ውስጥ ያረፈች ሴት ፈልጉ። ከወልድያ ወደ ላሊበላ ውጡ፣ ቤተ ማርያም ግቡ፣ ገነተ ማርያም ድረሱ። ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው፤ ግን ያ ሥዕል የተሠራው ሰው እንዲያይ ብቻ አይደለም፣ ሰውን እንዲያይም ነው። ቅዱሱ በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ትላልቅ ዓይኖች ይመለከትሃል። ባለ አንድ ዓይን፣ በጎን የሚሳለው ክፉው ነው። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ዓይኗን ጨፍና፣ ጭንቅላቷን በክንዷ ደገፍ አድርጋ የምታንቀላፋ ሴት ቦታ የላትም። ነቀፌታ አይደለም፤ ሥዕሉ ለጸሎት ነው።

የተጋደመች ሴት ግን አለች። ጣና ሐይቅ ላይ፣ ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተጋድመው ይታያሉ፤ ልብሳቸው ያማረ፣ ጌጣቸው የከበረ። መጀመሪያ ላየው የውጭ ሰው ሶፋ ላይ ጋደም ያሉ ወይዘሮ ሊመስሉት ይችላሉ። እሳቸው ግን መሬት ላይ ወድቀው እየተማጸኑ ነው። በሥዕላችን ታሪክ የተጋደመች ሴት ብትኖር እንኳ ሥራ ላይ ናት፤ ጸሎት ላይ።

ወሎ ደግሞ የራሷ ጉዳይ አላት። ሁለት የወሎ ሴቶች አሉ በሰው አእምሮ ውስጥ። አንደኛዋ የዘፈኗ ናት። አራቱ ቅኝቶቻችን ስማቸው ሲጠራ ሁለቱ የወሎ አገር ስም ናቸው፣ ባቲና አምባሰል፤ ትዝታም ቢሆን ያለ ወሎ አይነሳም። በዘፈኑ ውስጥ ያለችው ሴት ቆንጆ ናት፣ ዓይኗ፣ አንገቷ፣ ሹሩባዋ። ዘፈን የሰማ ሁሉ "ከየት ነሽ?" ብሎ "ከወሎ" ሲሏት ፈገግ ይላል። ሴቶቻችን ይኼ ፈገግታ ምን ያህል እንዳሰለቻቸው እነሱን ጠይቁ።

ሁለተኛዋ የረሃቧ ናት። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1973 ጆናታን ዲምብልቢ "ያልታወቀው ረሃብ" ያለውን ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። ያ ፊልም ዓመት ሳይሞላው ከቤተ መንግሥት ግብር ሥዕሎች ጋር እየተቀላቀለ በእኛው ቴሌቪዥን ታየ፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ማታ። በማግሥቱ ጃንሆይ ወረዱ። ከዚያ ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት፣ መሐመድ አሚንና ማይክል ቡርክ ከኮረም ያመጡት ምስል ዓለምን አዞረ፤ ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። በሁለቱም ጊዜ ካሜራው ፊት የተገኘችው እናት ናት። መሬት ላይ ቁጭ ያለች፣ ልጅ የታቀፈች፣ በነጠላ የተሸፈነች።

ልብ አድርጉ፣ አቀማመጡ ያው ነው! ነጠላ፣ ቁጭ ማለት፣ ልጅ አጠገብ። የሞሪዞ ሥዕልም ይኼው ነው፣ ሴት፣ መቀመጫ፣ ልጅ። አንዷን ያየ "ምን ዓይነት እርጋታ" ይላል፤ ሌላዋን ያየ ኪሱ ይገባል። እኛ ወሎዬዎች ከዚያ ወዲህ የተቀመጠች እናት ምስል በውጭ ሰው እጅ ባየን ቁጥር ሆዳችን የሚባባው፣ አንዳንዴም የምንቆጣው ለዚህ ይመስለኛል። በ2013 ክረምት ከወልድያና ከመርሳ በደሴ መንገድ ሲሰደድ የነበረው ሕዝብ ፎቶ በየስልካችን ሲዞር ያው ስሜት ነው የተመለሰው። መንገድ ዳር ቁጭ ያሉ እናቶች። እንደገና!

ሠዓልያኖቻችንም ረሃቡን ስለዋል፤ ዝም አላሉም። እሸቱ ጥሩነህ የ1966ቱን የወሎ ረሃብ የሳለበት "የረሃብ ሰለባዎች" ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። አዲስ አበባ የምትኖሩ ሄዳችሁ እዩት። ትልቅ ሥራ ነው። ከፊቱ ብዙ መቆም ግን አይቻልም።

እዚህ ላይ ነው ወልድያ የምትገባው።

ሠዓሊ ታደሰ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1953 ወልድያ የተወለደ ነው። ስንቶቻችን እናውቃለን? ስለ ወልድያ ልጆች ሲወራ ባለሀብቱ ይነሳል፣ ስታዲየሙ ይነሳል፣ ዘፋኙ ይነሳል፤ ታደሰ አይነሳም። እሱ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ለብዙ አሥርት ዓመታት ያስተማረ ሰው ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢያናሌ የራሷን ድንኳን ስትከፍት ሥራዎቹን ያቀረበው ተስፋዬ ኡርጌሳ ከተማሪዎቹ አንዱ ነው።

የዘር ሐረጉን ወደ ላይ ብትቆጥሩት ደስ ይላል፤ እኛ ሰባት ቤት መቁጠር እንወድ የለ? ታደሰን ያስተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው፤ ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ የመጣው ሠዓሊና ባለቅኔ። ገብረ ክርስቶስ ያስተማረበትን ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ መባቻ ላይ ያቋቋሙት ደግሞ አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። አለ የተማሩት ቺካጎ ነው፣ ከቺካጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጋር በተያያዘው ትምህርት ቤት። ያ ሙዚየም ደግሞ ከፈረንሳይ ውጭ የኢምፕሬሽኒስቶችን ሥዕል በብዛት ከሰበሰቡት አንዱ ነው። ሞሪዞ ፊቷን አዙራ ፀጉሯን የምታሰናዳ ሴት የሳለችበትን ሥዕል ሙዚየሙ በ1924 ነው የገዛው። ስለዚህ ጋሽ አለ እዚያ በሚማሩበት ጊዜ ያች ሴት የዚያው ተቋም ንብረት ሆና ኖራለች። ከዚህም በፊት አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ድረስ ተልኮ ተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ሞኔ በሞተበት አሥር ዓመት ውስጥ። ፈረንሳዮቹና እኛ የምንመስለውን ያህል ሩቅ አይደለንም።

ታደሰ ከዚያ በሶቪየት ኅብረት፣ ሌኒንግራድ ተምሯል። እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለ "የሕይወት ምሰሶዎች" ነው። ዓመታት የፈጀበት ተከታታይ ሥራ ነው፤ ለንደን ድረስ ሄዶ ታይቷል። የሳላቸው ጉሊት የሚቸረችሩ ሴቶችን ነው። ከገጠር መጥተው በከተማ ገበያ የሚቆሙ፣ የሚቀመጡ፣ ያመጡትን ከፊታቸው የዘረጉ። ሸራው በዘይት ቀለም ነው የተሠራው፤ ግን ስታዩት የዘይት ክብደት የለውም። ከኋላቸው ያለው ገበያ በቀለም ጠብታና ጥፍጥፍ ተበትኗል፤ ርቀት የሚባል ነገር የለም፤ ሴቶቹ ጎን ለጎን፣ ከፊትና ከኋላ፣ ረዘም ብለው፣ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል። የፓሪስንና የላሊበላን ነገር አንድ ላይ ያየሁ መሰለኝ። ይኼ የእኔ አስተያየት ነው፤ ባለሙያዎቹ ሊስቁብኝ ይችላሉ።

ደስ የሚለኝ አንድ ነገር፦ ማንም አያለቅስም። ማንም እጁን አይዘረጋም። ዘፈኑ ውስጥ እንዳለችውም አያሽኮረምሙም። አሉ፤ ይጠብቃሉ።

አሁን መርሳ ገበያ እንውረድ። ሐብሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከስሪንቃ ወገን፣ ከግራና፣ ከውርጌሳ በኩል የሚመጣው ሁሉ እዚያ ይገናኛል፤ ከቆላው ከአፋር ጠረፍ የሚወጣውም እንዲሁ። ማንጎው በወቅቱ፣ ማሽላው በወቅቱ። ጉሊት ያለችዋን እናት እዩዋት። ከሥሯ ጆንያ አንጥፋለች። ቲማቲሙን በመደብ በመደብ አድርጋዋለች፤ አራት ከታች፣ አንድ ከላይ፣ ጥሩ ጥሩው ወደ ፊት። ፀሐዩ ሲዞር ጃንጥላዋን ታዞራለች፤ ጃንጥላው ግን ለእሷ መስሏችሁ ከሆነ ተሸውዳችኋል፣ ለቲማቲሙ ነው። ቃሪያው ሲጠወልግ ውሃ ትረጫለች። ነጠላዋን አጥፋ አናቷ ላይ ጣል አድርጋዋለች። ከኋላዋ ልጅ ተኝቷል። በአንድ ዓይኗ ልጁን፣ በሌላው መንገዱን፣ ደንብ አስከባሪ ብቅ ካለ ጆንያውን አራት ጫፉን ይዛ ብድግ ለማለት ጡንቻዋ ሁሉ ዝግጁ ነው። "እታለም፣ መደቡ ስንት ነው?" ስትሏት ትነግራችኋለች፤ ትከራከራላችሁ፤ "በይ መርቂበት" ትላላችሁ፤ አንድ ጣል ታደርግላችኋለች።

ይህች ሴት ስንት ሰዓት ቁጭ ብላለች? ከጠዋት እስከ ማታ። አርፋለች ወይ? አንዲት ደቂቃ አላረፈችም።

ፈረንሳዮቹም ይኼ ገብቷቸው ነበር፣ ቢያንስ ሁለቱ። ደጋ ልብስ ተኳሾችን ሲስል አንደኛዋ ካውያውን በሁለት እጇ ትጫናለች፣ ሌላዋ ጠርሙስ ይዛ አፏን ከፍታ ታዛጋለች። የሠራተኛ ዕረፍት ማዛጋት ናት፤ እሷም ቢሆን ቆማ። ሞሪዞ ደግሞ የልጇን የጁሊን ሞግዚት፣ ሕፃኗን ስታጠባ ሳለቻት። ሜዳ ላይ፣ አረንጓዴ ውስጥ፣ ነጭ ለብሳ የተቀመጠች ሴት፤ ላየው እናትና ልጅ ናቸው። ግን ሴትዮዋ ደመወዝ ነው የሚከፈላት። የምታጠባው የሰው ልጅ ነው፤ የምትስላት የልጁ እናት ናት። ሁለቱም ሴቶች ሥራ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም የተቀመጡ ይመስላሉ። እኔ ከኢምፕሬሽኒስቶቹ ሁሉ ይህችን ነው የማስበልጠው።

እኛ ቤትም እኮ ያው ነው። የወሎ ቡና ሲባል ሁላችንም ነፍሳችን ይላወሳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ጢሱ፣ ቄጠማው፣ ምርቃቱ። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ወሬው ይደራል፣ ሁሉም ያርፋል። ያላረፈች አንዲት ሴት አለች፤ ረከቦቱ ፊት የተቀመጠችው። ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ትቀዳለች፣ ስኒ ታለቀልቃለች፣ ከሰሉን ታራግባለች። በርጩማዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች የተቀመጠች መስላ ትታያለች። ስንቱ ሠዓሊና ስንቱ ፎቶ አንሺ ነው እሷን "የኢትዮጵያ ዕረፍት" አድርጎ የሸጣት!

በታደሰ ሥዕሎች ላይ አንዲት ቅሬታ አለችኝ፤ ሥዕሉ ላይ ሳይሆን ርዕሱ ላይ። "ምሰሶ" የሚለው ቃል። ለክብር እንደተባለ ይገባኛል፤ ሥራቸውን ከፍ ሊያደርግ ነው፤ እኛም እናቶቻችንን "የቤቱ ምሰሶ" እንላለን፣ በሠርግም በለቅሶም። ግን ምሰሶ ምን እንደሆነ አስቡት። ጣሪያ ተሸክሞ ይቆማል። ቁጭ አይልም። ምሰሶ ቁጭ ካለ ቤቱ ፈረሰ ማለት ነው። ሰውን ምሰሶ ካልከው በኋላ "ደክሞኛል" የማለት መብቱን ወሰድክበት። ሰውየው በዚያ አስቦት አይደለም፤ ሥዕሎቹም ከርዕሳቸው ይሻላሉ፣ ምክንያቱም ሴቶቹ እዚያ ላይ ፊት አላቸው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው። ቢሆንም ከ"የሕይወት ምሰሶዎች" በኋላ አንድ ሌላ ሥዕል ብመኝስ? ገበያው ከተፈታ በኋላ ያለው ሰዓት። ጆንያው ተጠቅልሎ፣ የተረፈው ቲማቲም ለጎረቤት ተሰጥቶ፣ እሷ ደጃፏ ላይ እግሯን ዘርግታ። በውሃ ቀለም ቢሆን ደግ ነበር፤ ነጠላውን ሳይነኩት።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር የቤታችንን የፎቶ ሣጥን አውጥቼ ነበር፣ እናቴ ያለችበትን ልቆጥር። ስቱዲዮ ውስጥ ቆማ አለች፣ እጇን ወንበር ላይ አድርጋ፣ ከኋላዋ የተሳለ ፏፏቴ። ሠርግ ላይ እንጀራ ስታቀርብ አለች። ክርስትና ላይ ልጅ ይዛ አለች። ጠላ ስትቀዳ፣ ሰው ስትሸኝ። አንዷ ፎቶ ብቻ ትለያለች፤ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላለች፣ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው። ያንን ፎቶ ማንም አልበም ውስጥ አላስገባውም፤ ፖስታ ውስጥ ከተበላሹት ጋር ነው ያገኘሁት። "ዓይኗ ተጨፍኖ ወጣ" ተብሎ ነው የተጣለው።

እናንተ ሣጥን ውስጥስ አለች? ካለች ለጥፏት እንያት። እማማን ግን መጀመሪያ አስፈቅዱ፤ የእኔዋ "ምን ተኝቼ ታሳየኛለህ!" ብላ አልፈቀደችም።